ጠብ

ገደራ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ሁለት በር ያለው ቤት፣
በአንዱ በር እኔ ነኝ፣ በአንዱ ሰዓድያ ጎረቤት።
ጣሪያችን አንድ ሲሆን ግድግዳ ለይቶን ነበር፣
አሸንዳው ግን አጋድሎ በኔ መደብ ላይ ሲንዶቀዶቅ ሲያድር።

ክረምት እዚህ አገር ኅዳር ላይ ይገባል፣
እኔ ግን ሰኔ ሲጠባ ጆሮዬ ነጎድጓድ ይጠብቃል።
ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሮ ይህ ጆሮ አልተማረም፤
የሰኔ ሰማይ ሳህን ነው፣ ታጥቦ የደረቀ፣ ጠብ የሚል የለም።

ጠብስ ነበረን፣ ሌላው ዓይነት፣ የሰው፣
ነጭ ሽንኩርቴን የመጀመሪያው ዝናብ አጥቦ ሲወስደው።
"አሸንዳህን አዙር!" እላለሁ በተሰባበረ ዕብራይስጥ፣
"ጣሪያው የመንግሥት ነው!" ይለኛል በሩን ዘግቶ ከውስጥ።
ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ፣ ቁጥር ይዤ ተሰለፍኩ፣
ሴትየዋ "ጻፍ" አለችኝ፤ በልጄ እጅ አስጻፍኩ።
ሦስት ክረምት አለፈ። ደብዳቤው የገባበት ጠፋ፣
የኔና የሱ ሰላምታ በየዓመቱ እየከፋ።

ውሃ አላውቅም እንዳልል፣ ሃያ ሁለት ዓመት በሙሉ
የፓምፑ ቤት ቁልፍ ወገቤ ላይ ነበር፤ የብርቱካኑ እርሻ ሁሉ
ከአንድ ጉድጓድ ሲጠጣ፣ ለኪው እኔ ነበርኩ፤
ገመድ ጫፍ ብረት አስሬ ወደ ጨለማው እየላክኩ
"ቸብ" የሚለውን ድምፅ ትንፋሼን ውጬ ስጠብቅ፣
ዘንድሮ ካምናው ሲዘገይ፣ ዘንድሮ ካምናው ሲርቅ።
ገመድ እንቀጥላለን። ቧንቧ እንቀጥላለን።
"ገና ነው፣ አለ" እንላለን።
አንድ ቀን ቀምሼ አየሁት፤ ምላሴ ላይ ጨው ቀረ፤
ባሕሩ በመሬት ሥር መንገድ ጀምሮ ነበረ።
ለአለቃዬ ብነግረው ትከሻውን ነቀነቀ።
ጉድጓዱ ተከደነ፣ ብርቱካኑም ተነቅሎ ሰፈር ሆኖ ደመቀ።

እንግዲህ ባለፈው ኅዳር፣ በሌሊት፣ ዶፉ ሲወርድ፣
ባልዲ ይዤ ወጣሁ፤ ልሞላው፣ በሩ ላይ ልደፋው ልሄድ።
ክፋቴን አልደብቅም። አሸንዳው ሥር ደቀንኩት።
አንድ፣ ሁለት ሳልል ሞላ። ሳፋም አመጣሁ፤ ያንንም ሞላሁት።
እጄ ቆመ።
ይህን ያህል ለማውጣት ስንት ክንድ ገመድ ነበር?
ስንት ሌሊት ሞተሩ ሲያጓራ፣ ሲያቃስት ሲያድር?
እዚህ ግን ሰማይ ራሱ እደጄ ድረስ አምጥቶልኝ
ሦስት ዓመት ስከስሰው፣ እንደ ዕዳ ስቆጥረው፤ ምን ነካኝ?

ሲነጋ ከገበያ የወይራ በርሜል ገዛሁ፤
የአውቶቡሱ ሹፌር "አይገባም" ቢል እያንከባለልኩ መጣሁ።
ሰዓድያ መስኮቱ ላይ ነው፤ "ይሄ ደግሞ ምን ሊያመጣ ነው?"
ወጣ፣ በፒጃማ፤ በርሜሉን በእግሩ ጫፍ ነካው።
ሽቅብ አሸንዳውን አየ። ገባ። አለቀ፣ ተከሰስኩ አልኩ።
ሲመለስ የሟች ሚስቱን ወንፊት ይዟል፤
"ቅጠል እንዳይገባ" ሲለኝ፣ የምለው አጣሁ፤ ተቀበልኩ።

ዛሬ ግንቦት ነው። በርሜሉ አራት ደርሷል፣
ሦስቱ አልቆ በአራተኛው አንድ ክንድ ያህል ቀርቷል።
ቀጭን ቱቦ ዘርግተናል፣ በየሥሩ ቀዳዳ፣
ከኔ ቃሪያ እስከ እሱ ድንብላል፣ ከግንቡ ወዲህና ማዶ።
ጠቡም አልቀረም፤ ውሃው ወደ ማን ቀደመ፣
ማንስ ቧንቧውን ሳይዘጋ ሄዶ አልጋው ላይ ተጋደመ።
ሰኔ ሳይጠባ ያልቃል፤ አውቃለሁ። አራት በርሜል
የሃያ ሁለት ዓመት ጥሜን አይከፍልም፤ ባሕርም አይመልስ አይል።

ማታ ግን ሰፈሩ ሲተኛ፣ በመስኮቴ አዳምጣለሁ፤
ጠብ። ጠብ። እቆጥራለሁ።
አንዳንዴ ከፎቆቹ ሥር፣ ከተከደነው ጉድጓድ፣
"ቸብ" የሚል ይመስለኛል፣ ካምናው ትንሽ ቀረብ ብሎ።
ጆሮ ነው። ይሳሳታል።
ገመዱን ግን አልጣልኩትም፤ አልጋዬ ሥር ነው፣
ብረቱም ጫፉ ላይ እንደታሰረ።